አልነሣ ያለው ኮምፒዩተር

«ተነሣ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ሰው ከእንቅልፉ ይነሣል፤ ሕመምተኛ ከአልጋው ይነሣል፤ አቧራ ይነሣል፤ ጠብ ይነሣል፤ የመኪና ሞተርም ይነሣል። ኮምፒዩተር ወደ ቢሮውና ወደ መኖሪያ ቤቱ ሲገባ ሕዝቡ ለዚህ እንግዳ አዲስ ቃል ከመፈልሰፍ ይልቅ ያንኑ የቆየውን ቃል ሰጠው። ማብሪያው ተጭኖ ሥራውን ሲጀምር «ተነሣ» አለ፤ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ መስኮቱ ብቻ ጨለማ ሆኖ ሲቀር ደግሞ «አልነሣ አለ» አለ። እንግሊዝኛው ለዚሁ ድርጊት የሚጠቀምበት ቃል የመጣው ከቦት ጫማ ማንገቻ ነው፤ መነሻው የገዛ ጫማውን ማንገቻ ይዞ ራሱን ከመሬት የሚያነሣ ሰው ሥዕል ነው። የአማርኛው ግን ከዚያ ይልቅ ለሰው የቀረበ ነው።

ይሁን እንጂ «አልነሣ አለ» የሚለው አነጋገር አንድ ስሕተት በውስጡ አዝሏል፤ እምቢተኛው መሣሪያው እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው እምቢተኛ ሳይሆን የታዘዘውን ሳያጓድል የሚፈጽም ሎሌ ሆኖ ይገኛል። ችግሩ ያለው አስቀድሞ ማንን እንዲጠይቅ እንደታዘዘ ላይ ነው። ይህንንም አንድ አዛውንት መምህር የተማሩት በቀላል ዋጋ አልነበረም።

በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚኖሩት እኚህ በጡረታ ላይ የሚገኙ የአማርኛ መምህር በሥራ ዘመናቸው በሐይቅ፣ በባቲና በወረኢሉ አስተምረዋል። በሄዱበት ሁሉ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጎን አንድ የካሴት መቅረጫ አይለያቸውም ነበር። በለቅሶ ቤት የሚወርደውን ሙሾ፣ እናት ልጇን እሹሩሩ የምትልበትን ዜማ፣ እረኛ ከከብቶቹ ኋላ ሆኖ የሚያንጎራጉረውን፣ በመውሊድ ሌሊት የሚዜመውን መንዙማ ባለቤቶቹን እያስፈቀዱ ቀርጸዋል። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወረሱት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነውና መምህሩን የሚሰበሰብ ነገር አልቸገራቸውም፤ የቸገራቸው የተሰበሰበውን ማቆየት ነበር። የካሴት ጥብጣብ በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ይጣበቃል፤ ድምፁም ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል። ስለዚህ ከጡረታ በኋላ ያሉትን ዓመታት ለአንድ ሥራ ብቻ ሰጡ፤ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያደመጡ ቃሉን በኮምፒዩተር መጻፍ፣ ድምፁንም በባለሙያ ርዳታ ወደዚያው ማስተላለፍ።

ሥራው ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ከካሴቶቹ አብዛኞቹ አገልግሎታቸውን ጨርሰው ነበር። ከተቀረጹት ሰዎችም መካከል በወረኢሉ ስመ ጥር የነበሩ አንዲት አልቃሽ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቃላቸውን ከአፋቸው የተቀበለ ሰውም አልተገኘም። የእኚያ ሴት ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው በአንድ ስፍራ፣ በመምህሩ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠው የብረት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር። መምህሩ ይህን ያውቁታል፤ ማወቃቸውም እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር።

ስለዚህም አንድ ሰኞ ምሽት ሁሉንም ሥራ ወደ ሌላ ዕቃ ለመገልበጥ ቆርጠው ተነሡ። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ፍላሽ ዲስክ ሰጥተዋቸው ነበር። ፍላሹ ቀደም ሲል በኮምፒዩተር ላይ ሲስተም ለመጫን ሲያገለግል የቆየ ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት ፋይሎች ተሰርዘው ባዶ ተደርጎ ነው የመጣላቸው። ከእርሳቸው ጋር የምትኖረው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ስትጫወት እንዳትነቅለው በማለት ከፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ትተው ከሳጥኑ ጀርባ ሰኩት፤ መገልበጡንም ጀመሩ። ሥራው እኩሌታ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ለሁለት ቀን አልመጣም፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት መምህሩ ለቅሶ ደረሱ፣ በዕድር ስብሰባ ዋሉ፤ ፍላሹም ከሐሳባቸው ወጣ።

በሦስተኛው ቀን መብራት መጣ። መምህሩ ከጠረጴዛቸው ተቀምጠው ማብሪያውን ተጫኑ። ማራገቢያው ዞረ፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች፤ የሠሪው ፋብሪካ ምልክት በመስኮቱ ላይ ታይቶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በጥቁሩ መስኮት የላይኛ ግራ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ሩብ ሰዓት ጠበቁ፤ ሰረዟ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጥፍተው አበሩት፤ ያው ነው። አምስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ያው ነው።

በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው ፍርድ ተሰጠ። የልጅ ልጃቸው በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕል ስትሥል እንደነበረች ትዝ አላቸው፤ ጠሯት።

«ምን ነካካሽው?»

«ምንም አልነካሁም፣ አባባ። አበባ ብቻ ነው የሣልኩት።»

«ታዲያ በራሱ ነው የተበላሸው? ሁለተኛ ከዚህ ክፍል እንዳትገቢ!»

ልጅቷ አላለቀሰችም። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ የተከሰሰ ተማሪ ቃሉን ሳይሰጥ እንዳይቀጣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲከራከሩ የኖሩት ሰው በገዛ ቤታቸው፣ በአንዲት ሕፃን ላይ፣ ያለ ምስክርና ያለ ምርመራ ፈረዱ። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል፤ የሚያጣውን ነገር የሚያይ ሰው የሚወቅሰው ሲያገኝ ለጊዜው ይቀለዋል።

ሁለተኛው ፍርድ በማግስቱ ተሰጠ። በሠፈሩ ውስጥ ሞባይልና ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ትሑት ወጣት ተጠርቶ መጣ። ማብሪያውን ተጭኖ ነጯን ሰረዝ እንዳየ ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ሲስተሙ ወድቋል። ፎርማት መደረግ አለበት።»

«በውስጡ ያለውስ ጽሑፍ? ድምፁስ?»

«እሱ ይጠፋል። ግን አዲስ ሲስተም እጭንልዎታለሁ፤ እንደ አዲስ ይሠራል። ነገ ጠዋት መጫኛዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ይህ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ወደ እጁ ከሚመጡት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በዚሁ መድኃኒት ሲድኑ አይቷል። ብዙ ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት ግን አንድ አደጋ አለው፤ ሐኪሙን ከመጠየቅ ድካም ያሳርፈዋል። ፎርማት ማድረግ የበሽታውን ምክንያት ማወቅ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የጠፋ መርፌ ለመፈለግ ቤቱን እንደማቃጠል ነው።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ የነበረችና ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ልትጠይቃቸው መጣች። ቡናው ቢቀርብም መምህሩ ስኒያቸውን አላነሡም። ምክንያቱን ስትሰማ ስለ ሲስተምም ሆነ ስለ ፎርማት አንድ ቃል አልተናገረችም። ሁለት ነገሮችን ብቻ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና የተነሣው መቼ ነው?»

«ሰኞ ዕለት።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ተጨመረበት?»

«ምንም። ልጅቷ ነካካችው እንጂ።»

«እንግዲያው እሱን ራሱን እንጠይቀው» ብላ ወደ ሳጥኑ አመለከተች።

«ምን ተጨመረ?» የምትለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ለመገንዘብ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ባገኘ ጊዜ ምንም አያውቅም፤ የሚያነበው ጽሑፍ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው በዋናው ሰሌዳ ላይ በተተከለች አንዲት ቋሚ ማኅደር ውስጥ የተጻፈውን አጭር መመሪያ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ በቀደሙት ኮምፒዩተሮች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። መመሪያው በመጀመሪያ የአካል ክፍሎቹን ይቆጥራል፤ ማኅደረ ትውስታው አለ? የፊደል ገበታው አለ? መስኮቱ አለ? ቀጥሎም በእጁ የያዘውን የተራ ዝርዝር ያወጣና በዝርዝሩ ላይ የተጻፉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ «የማስነሻው ጽሑፍ ከአንተ ዘንድ ነውን?» እያለ ይጠይቃል።

በባዮሱ ሥርዓት ምልክቱ እጅግ አጭር ነው። ከዲስኩ የመጀመሪያዋ ክፍል 512 ባይት ይነበባል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ላይ የታወቀው ማኅተም ካለ «ይህ ነው» ይባልና ሥልጣኑ ሁሉ ለዚያች ቁራጭ ጽሑፍ ይተላለፋል። ባዮሱ ጽሑፏ እውነተኛ ትሁን ባዶ ቀፎ አይመረምርም፤ ማኅተሟን ብቻ ያያል። ጽሑፏ የምትጠራው ሲስተም በዲስኩ ላይ ከሌለ አንዳንድ ጊዜ የስሕተት መልእክት ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መሣሪያው በጨለማው መስኮት ላይ ነጭ ሰረዝ እያብለጨለጨ እንደቆመ ይቀራል። እውነተኛው ሲስተም በሃርድ ዲስኩ ላይ በሙሉ ጤንነት ተቀምጦ ሳለ ማንም አይጠራውም፤ ተራው አልደረሰምና።

ይህ ችግር ዛሬ የተወለደ አይደለም። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒዩተር ሲበራ አስቀድሞ የሚጠይቀው ተጣጣፊውን ዲስክ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ሃርድ ዲስክ ያላቸው ኮምፒዩተሮች ላይም ይኸው ልማድ ቀጠለ። በዚያ ዘመን በቢሮ የሠሩ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ ማታ በመሣሪያው ውስጥ የተረሳ አንድ ዲስክ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ያስቆመው ነበር፤ ዲስኩን አውጥቶ አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ብሬን የተባለው ቫይረስ የተሠራጨውም በዚሁ በር ገብቶ፣ በዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ተቀምጦ ነው። በሩ ያው ነው፤ የተለወጠው በበሩ የሚገባው ዕቃ ነው።

የዛሬው ዕቃ በዩኤስቢ የሚሰካው ነው። ከዩኤስቢ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቀዳዳ ነበረው፤ ለፊደል ገበታው ክብ፣ ለማተሚያው ሰፊና ባለ ብዙ እግር፣ ለማውዙ ደግሞ ሌላ። ይህን ዝብርቅ ለማስወገድ ኮምፓክ፣ ዲጂታል ኢኪዊፕመንት፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል የተባሉ ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው የመጀመሪያውን የዩኤስቢ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 አወጡ። በኢንቴል ውስጥ ሥራውን ከመሩት መካከል በሕንድ የተወለደው መሐንዲስ አጄይ ባት ይገኝበታል። በ1998 የአፕል ኩባንያ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች አስወግዶ በዩኤስቢ ላይ የተመሠረተውን አይማክ ሲያወጣ አዲሱ ቀዳዳ በሰፊው ታወቀ፤ በ2000 ፍላሽ ዲስክ ለገበያ ቀረበ። በደንቡ መሠረት በአንድ መስመር ላይ እስከ 127 ዕቃዎች ሊሰኩ ይችላሉ።

ምቾቱ ታላቅ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ዕቃ በማንኛውም ቀዳዳ መግባት ከቻለ፣ ማንኛውም ዕቃ በመነሻው ሰዓት ወረፋ ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። በዩኤስቢ የተሰካ ዕቃ ኮምፒዩተሩን ከመነሣት የሚያግድባቸው መንገዶችም ከአንድ በላይ ናቸው።

አንደኛው ከላይ የተገለጸው የተራ ጉዳይ ነው፤ ፍላሹ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ከውስጠኛው ዲስክ ቀድሞ ይጠየቃል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት ይሰጣል፤ የሚፈቀደውም ፍሰት በሁለተኛው ደንብ 500፣ በሦስተኛው 900 ሚሊአምፔር ነው። የተበላሸ ገመድ ወይም በቀዳዳው ውስጥ ተጣምሞ ጎረቤቱን የነካ እግር ይህን ልክ ሲያስጥስ ዋናው ሰሌዳ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል፤ አንዳንዱም ኮምፒዩተር ገና እንደበራ ራሱን ያጠፋል። ሦስተኛው የመልስ ጉዳይ ነው፤ መመሪያው ዕቃዎቹን ሲቆጥር አንዱ የተዘበራረቀ መልስ ይሰጥና መመሪያው መልሱን ሲጠብቅ ይቆማል። የካርድ ማንበቢያዎችና ብዙ ዕቃ የሚሰካባቸው ማከፋፈያዎች በዚህ ይታወቃሉ። አራተኛው የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ማከፋፈያ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲልክና መሣሪያው በትክክል እንዳይጠፋ፣ በትክክልም እንዳይበራ ሲያደርገው ነው።

እነዚህ አራቱ ምክንያቶች ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም ጨለማ መስኮት ናቸው። የሚለያቸው ምርመራ ብቻ ነው። የፊዚክስ መምህርቷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አጠፋች፤ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ከግድግዳው ነቀለች። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭና በመያዝ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ አደረገች። ከዚያም ከመስኮቱ ገመድ በቀር የተሰካውን ሁሉ ነቀለች። ማተሚያው፣ ማውዙ፣ የፊደል ገበታው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ሁሉም ወጡ። በመጨረሻ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ በሳጥኑ ጀርባ ጣቷን ስታንሸራትት ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አገኘች። አውጥታ ከሌሎቹ ጋር በጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረቻት፤ ምንም አልተናገረችም። መምህሩ ፍላሿን ሲያዩ ገጻቸው ተለዋወጠ።

ገመዱ ተመለሰ፤ ማብሪያው ተጫነ። የፋብሪካው ምልክት ታየ፤ ጠፋ። ከዚያም መስኮቱ ብርሃን ሆነ። ኮምፒዩተሩ ተነሣ።

መምህሩ «ተመስገን!» ብለው ከወንበራቸው ላይ ዐረፍ አሉ። ለእርሳቸው ነገሩ አብቅቷል።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለች። «ሁሉንም ስላስወጣን ተነሣ እንጂ፣ ማን እንዳስቆመው አላወቅንም።»

ከጥገናም ሆነ ከዳኝነት አንፃር ይህች ቃል ዋና ናት። ብዙ ሰው ችግሩ ሲወገድ ምርመራውን ያቆማል፤ ምክንያቱ ግን ካልታወቀ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስም ንጹሑ በጥፋተኛው ቦታ ይጠረጠራል። ስለዚህ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። የፊደል ገበታው ተሰካ፤ ተነሣ። ማውዙ ተሰካ፤ ተነሣ። ድምፅ ማጉያው፣ ማተሚያው፤ ተነሣ። ዕቃዎቹ ብዙ ቢሆኑ ኖሮ እኩሌታቸውን በአንድ ጊዜ መልሶ፣ ጥፋቱ ባለበት እኩሌታ ላይ ብቻ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ መሄድ ይቻል ነበር። በመጨረሻ ፍላሿ ተሰካች። ነጯ ሰረዝ ተመልሳ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

እዚህም ላይ አልቆመችም። ቀዳዳው ይሁን ፍላሿ ለመለየት በፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ሞከረቻት፤ ያው ሰረዝ ታየ። ቀዳዳው ነጻ ወጣ። ፍላሿን ነቅላ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ ባዮሱ ለመግባት የሚያስፈልገውን ቁልፍ ተጫነች፤ ቁልፉ እንደ ሠሪው ፋብሪካ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የተባለው ነው። የተራው ዝርዝር በመስኮቱ ላይ ወጣ። በዝርዝሩ ራስ ላይ የዩኤስቢ ዕቃ፣ ከእርሱ በታች ሃርድ ዲስኩ ተጽፎ ነበር። ከዓመታት በፊት ሲስተሙን በፍላሽ የጫነው ሰው ለጊዜው ዩኤስቢን አስቀድሞ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ተራውን ወደ ቦታው መመለስ ግን ረስቷል። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ፍላሽ ተሰክቶ እያለ ኮምፒዩተሩን አስነሥተው ስለማያውቁ ስሕተቱ ለዓመታት ተኝቶ ቆየ። የፍላሿ ፋይሎች ቢሰረዙም በመጀመሪያዋ ክፍል ላይ የነበረችው የማስነሻ ቁራጭ ግን ማኅተሟን እንደያዘች ቀርታ ነበር።

መምህርቷ ሃርድ ዲስኩን ወደ ዝርዝሩ ራስ አወጣችው፤ ለውጡን መዘገበች። ከዚያም ያቺኑ ፍላሽ፣ በዚያው በሳጥኑ ጀርባ፣ በዚያው ቀዳዳ ሰካቻት። ኮምፒዩተሩ ተነሣ።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ልጅቷ አይደለችም። ሃርድ ዲስኩ አልሞተም፤ ሲስተሙም አልወደቀም። ፍላሿ እንኳ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ይኸው እርሷ በቦታዋ እያለች መሣሪያው ተነሥቷል። መሣሪያውም የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አላመፀም። የተገኘው ጥፋት አንድ ሰው በጊዜው ለበቂ ምክንያት ያወጣውና ምክንያቱ ካበቃ በኋላ ማንም ያልሻረው ትእዛዝ ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በቢሮም፣ በትምህርት ቤትም፣ በቤተሰብም ውስጥ ይኖራል፤ ሲነካ ብቻ ይታወቃል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መምህሩ ፍላሿን የሰኩት ሥራቸውን ለማዳን ነበር፤ ለማዳን የገባችው ዕቃ ሥራቸውን ከጥፋት አፋፍ አደረሰችው። ያም ሆኖ ጥፋቱ ሊደርስ የነበረው በፍላሿ ሳይሆን በመፍትሔው ነው። ያ ወጣት መጫኛውን ይዞ በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ ቀጠሮ ነበረውና፣ በአንድ ሌሊት ልዩነት የእኚያ አልቃሽ ድምፅ በንጹሕ ዲስክ ላይ ተሰርዞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ችግር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተጨመረውን መንቀል፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ መመለስ፤ ከዚያ ተራውን ማየት። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሣሪያው ባይነሣ እንኳ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሰካት በውስጡ ያለውን መገልበጥ ይቻላል። ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

በዚያች ሌሊት መገልበጡ ተጠናቀቀ። አንዱ ቅጂ በቤት ቀረ፤ አንዱን መምህርቷ ወደ ቤቷ ወሰደች፤ ሦስተኛው በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ እንዲላክ ተዘጋጀ። የእኚያ ሴት ድምፅ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በአንድ ሳጥን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጠዋት ጠጋኙ ወጣት መጫኛውን ይዞ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ አገኘው። መምህሩ አልወቀሱትም፤ የተራውን ዝርዝር አሳዩት። ወጣቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተውና «አባባ፣ እኔ እኮ ከኋላው አላየሁም» አለ። መምህሩም «እኔም አላየሁም፣ ልጄ» ብለው መለሱለት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ከሁሉም የከበደውም እርሱ ነው። በአገሩ ልማድ አዛውንት ሕፃንን ይመርቃል፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። መምህሩ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠብቀው ወደ ክፍሉ ጠሯት። ከደጁ ቆመች፤ አልገባችም፤ እንዳትገባ ተከልክላ ነበርና። ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ ደጁ ሄዱ።

«ልጄ፣ ኮምፒዩተሩን አንቺ አልነበርሽም። ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩብሽ፤ ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ቆይታ «ታዲያ ማን ነው ያበላሸው?» አለች።

«ማንም አላበላሸውም። ከኋላው የተረሳ ነገር ነበር፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ።»

እጇን ይዘው አስገቧት፤ በመስኮቱ ላይም ሰኞ ዕለት የሣለችውን አበባ ከፍተው አሳዩዋት፤ አልጠፋም ነበር። ቀጥለውም የወረኢሉዋን አልቃሽ ድምፅ አሰሟት። ልጅቷ ቃሉን ሁሉ ባይገባትም ጸጥ ብላ አዳመጠች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ኮምፒዩተሩ ከመነሣቱ በፊት ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የሳጥኑን ጀርባ የምታየው እርሷ ናት። የተሰካ ነገር ካገኘች አትነቅለውም፤ መጀመሪያ «ይሄ የማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች።